ቤቴ ስንት ሬክተር ይችላል?

ጥያቄው ከአዳማ ነው፦ «ጂ ፕላስ 1 ቤት አለኝ። ምድሩ ሱቅ ነው፤ እኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አሁን አንድ ወለል ልጨምር አስቤያለሁ። የሠራልኝ ኮንትራክተር ‹ይሄ ቤት እስከ 7 ሬክተር ይችላል፣ አትስጋ› ብሎኛል። በ2017 ከገና በፊት በነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ዜናው 5.8 ሬክተር አለ። አንድ የውጭ ድረ ገጽ ደግሞ 5.7 ብሎ ጻፈ። እኛ ቤት ግን መብራቱ ተወዛወዘ፣ ብርጭቆዎች ተንኳኩ፣ ልጆቹ ነቁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። አዳማ ላይ ቢበዛ 3 ሬክተር ቢሆን ነው። ማነው የዋሸው? ደግሞስ ቤቱ 5.8ን ካለፈ 7ን ለምን አይችልም?»

ዜናውም ድረ ገጹም አልዋሹም። የተሳሳተው የኮንትራክተርዎ አባባል ነው። «እስከ 7 ሬክተር የሚችል» ቤት የትም አገር የለም፤ ሬክተር ቤት የሚለካበት ነገር አይደለምና። ወለሉን አሁን አይጨምሩ። ለምን እንደምል ለመረዳት ግን መጀመሪያ ይህ ቃል ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ መለየት አለብን። እዚህ አገር «ሬክተር» የሚለው ቃል አራት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሟል፦ ከመሬት ሥር የተነሳውን ጉልበት፣ እርስዎ ቤት የደረሰውን ንቅናቄ፣ የቤቱን አቅም፣ አንዳንዴም የፍርሃታችንን ልክ። እነዚህ ለየብቻ የሚለኩ ነገሮች ናቸው። አንድ ቃል ሲሸከማቸው ሰው በተሳሳተ ሒሳብ ቤት ይሠራል።

ከስሙ ልጀምር። ቻርለስ ሬክተር አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ለደቡብ ካሊፎርኒያ አንድ መለኪያ አዘጋጀ። አሠራሩ ቀላል ነው። የታወቀ ዓይነት መሣሪያ ከመንቀጥቀጡ ማዕከል 100 ኪሎ ሜትር ላይ ቢቀመጥና የመዘገበው ንዝረት 1 ሚሊ ሜትር ቢደርስ፣ መንቀጥቀጡ 3 ይባላል። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4፣ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ 5። መሣሪያው ሌላ ርቀት ላይ ካለ ቁጥሩ በርቀቱ ይታረማል። ይህ መለኪያ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች አይሠራም። ወደ 7 ሲጠጋ ይጨናነቃል፤ ትልቁንና በጣም ትልቁን አይለይም። ስለዚህ በ1979 እ.ኤ.አ. ሃንክስና ካናሞሪ የተባሉ ሳይንቲስቶች ሌላ መለኪያ አወጡ። እሱ የሚያሰላው የተሰበረውን የዓለት ገጽ ስፋት፣ ዓለቱ የተንሸራተተበትን ርቀትና የዓለቱን ጥንካሬ ነው። ዛሬ ስለ ትልልቅ መንቀጥቀጦች የሚነገረው ቁጥር በአብዛኛው በዚህ የሚሰላ ነው፤ «ማግኒቲዩድ» ይባላል። «በሬክተር ስኬል» የሚለው አነጋገር ግን ከቁጥሩ ጋር እንደተጣበቀ ቀረ። ይህ ብቻውን ማንንም አይጎዳም፤ ጋዜጠኞቹን በዚህ አልወቅስም። ጉዳት የሚመጣው ቃሉ ከዜና ወጥቶ ሳይት ላይ ውል ሲዋዋሉበት ነው።

የ5.7 እና የ5.8 ልዩነትም ጠብ አያስነሳም። እያንዳንዱ ተቋም የራሱ ጣቢያዎችና የራሱ ስሌት አለው። የ0.1 ወይም የ0.2 ልዩነት የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በችኮላ ይወጣል፤ ተጨማሪ መረጃ ሲገባ ይስተካከላል። ጥልቀቱም እንዲሁ። «10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት» የሚል ደጋግመው አንብበው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህ የተለካ ቁጥር አይደለም፤ ጥልቀቱን በትክክል ማወቅ ሳይቻል ሲቀር በልማድ የሚቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ማግኒቲዩድ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት ከ9 ሰዓት በኋላ የሆነው መንቀጥቀጥ አዋሽ ላይም፣ አዳማ ላይም፣ አዲስ አበባ ላይም ማግኒቲዩዱ ያው ነው። «አዳማ ላይ 3 ሬክተር» የሚባል ነገር የለም። ሰርግ ቤት የተከፈተ ሞንታርቦ ያስቡ። ጉልበቱ አንድ ነው፤ ዋቱ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ጆሮው ይደነቁራል፤ ሁለት ሰፈር አልፎ ያለው ዘፈኑን በሩቁ ይሰማል። ማግኒቲዩድ ዋቱ ነው። ጆሮ ጋ የደረሰው ድምፅ ሌላ መለኪያ አለው።

ያ ሁለተኛው መለኪያ መርካሊ ይባላል። ጣሊያናዊው ጁሴፔ መርካሊ በ1902 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ያወጣው ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ. እንደገና ታርሟል። 12 ደረጃዎች አሉት። ከማግኒቲዩድ ጋር እንዳይምታታ በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል። የሚያየው ሰዎች የተሰማቸውን፣ ዕቃና ሕንፃ የሆኑትን ነው። እርስዎ የነገሩን፣ ማለትም የመብራቱ መወዛወዝ፣ የብርጭቆው መንኳኳት፣ የልጆቹ መንቃት፣ ከ4ኛው ደረጃ ጋር ይገጥማል። በዚህ ደረጃ ሕንፃ አይጎዳም። የጭቃ ቤትም ቢሆን ይቆማል።

እንግዲህ «ቤቱ 5.8ን አልፏል» የሚለው ድምዳሜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ቤትዎ 5.8ን አላለፈም። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተነሳ 5.8 መንገድ ላይ ደክሞ፣ ደጃፍዎ ሲደርስ 4ኛ ደረጃ ሆኖ ነው ያገኘው። ይህ ስለ ቤቱ ጥንካሬ ምንም አይናገርም፤ በጎም ክፉም።

በማግኒቲዩድ ተመሳሳይ የሆነ መንቀጥቀጥ ከሥር ቢነሳ ምን እንደሚሆን ሞሮኮ አይታለች። በየካቲት 1960 እ.ኤ.አ. አጋዲር የተባለችውን ከተማ የመታት መንቀጥቀጥ 5.8 ገደማ ነበር። ልክ የእኛን ያህል። ግን ምንጩ ጥልቅ አልነበረም፤ ከከተማዋ አጠገብ ነበር፤ ቤቶቹም ለመንቀጥቀጥ ታስበው አልተሠሩም። ቢያንስ 12 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ይህንን የማነሳው ላስፈራራዎት አይደለም። ሁለት መንቀጥቀጦች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው፣ አንዱ ብርጭቆ ሲያንኳኳ ሌላው ከተማ ሊያፈርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት ከ10 ማሰብም የተለመደ ስህተት ነው። «5.8 ማለት ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው፤ 7 ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል» ይባላል። ስኬሉ ከ10 አይደለም፤ ጣሪያ የለውም። በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ በ1960 እ.ኤ.አ. ቺሊ የደረሰው 9.5 ነው። ቁጥሩ በ1 ሲጨምር የሚወጣው ጉልበት 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከ5.8 ወደ 7 ሲኬድ 60 እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ «5.8ን ከቻለ 7ን ለምን አይችልም» የሚለው ጥያቄ በሁለት በኩል ነው የተሳሳተው፤ ቤቱ 5.8ን አልተፈተነም፣ 7ም የ5.8 ጎረቤት አይደለም።

ታዲያ ቤት በምን ይለካል? መሐንዲስ ሲያሰላ የሚጀምረው መሬቱ ወደ ጎን ከሚፈጥንበት ልክ ነው። ይህ ከመሬት ስበት ምን ያህል እጅ እንደሆነ ተደርጎ ይጻፋል። 0.1 ማለት የስበት አንድ አሥረኛ ነው። ቤትዎ 300 ቶን ቢመዝን፣ በግርድፉ 30 ቶን የሚያህል ኃይል ወደ ጎን ይገፋዋል ማለት ነው። ትክክለኛው ሒሳብ ከዚህ ይሰፋል። የቤቱ ቁመት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ኮለኖቹ (ቋሚ ምሰሶዎቹ) ሳይሰበሩ ምን ያህል መታጠፍ እንደሚችሉ ሁሉ ይገባበታል። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፤ በሒሳቡ ውስጥ ሬክተር የሚባል ቁጥር የሚገባበት ቦታ የለም። «7 ይችላል» ያለዎት ሰው ያንን ቁጥር ከየትኛውም ስሌት ሊያገኘው አይችልም።

አፈሩን ጠበቅ አድርገው ይያዙት። ልቅ አፈር ንቅናቄን ያጎላል። በ1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ክፉኛ የተጎዳችው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሳ መንቀጥቀጥ ነው፤ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ነበርና። አዳማ ያን ያህል ጭቃ የለባትም። ግን የከተማዋ ሜዳማ ክፍል ከዙሪያው ኮረብታዎች በጎርፍ የወረደ አፈርና የእሳተ ገሞራ አመድ አለበት። ጥብቅ ዓለት ላይ ያለ ቤትና እዚህ ላይ ያለ ቤት፣ አንድ ዓይነት ዲዛይን ቢኖራቸውም አንድ ዓይነት ንቅናቄ አይገጥማቸውም። የመሠረትዎ አፈር ተመርምሮ ያውቃል? አብዛኛው የግል ቤት አልተመረመረም።

«ይችላል» የሚለው ቃልም መብራራት አለበት። ሰው ሲሰማው «ምንም አይሆንም» ማለት ይመስለዋል። የሕንፃ ኮድ እንደዚያ ቃል አይገባም። ለመኖሪያ ቤት ኮዱ የሚጠይቀው በትልቁ መንቀጥቀጥ ቤቱ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። ግድግዳው ሊሰነጠቅ፣ ብሎኬቱ ሊረግፍ ይችላል። ቤቱ ከዚያ በኋላ የማይኖርበት ሆኖ ሊፈርስም ይችላል። ሰዎቹ በእግራቸው ከወጡ ኮዱ ሥራውን ሠርቷል። ይህን የማያውቅ የቤት ባለቤት በኋላ መሐንዲሱን ይከሳል፤ ወይም በባሰ መልኩ የማይሆን ተስፋ ይዞ ይተኛል።

ኮዱም አንድ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ያሰላው በ100 ዓመት የመመለሻ ጊዜ፣ ማለትም በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ ለሚደርስ ንቅናቄ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ከአውሮፓው ኮድ ጋር የተጣጣመው፣ ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ቤትዎ በየትኛው እንደተሠራ ማወቅ አለብዎት። «475 ዓመት» ሲባል ደግሞ «የእኛ ተራ ሩቅ ነው» ብለው እንዳይዘናጉ። ትርጉሙ በ50 ዓመት ውስጥ ያን ያህል ወይም የበለጠ ንቅናቄ የመድረስ ዕድሉ 10 በመቶ ነው ማለት ነው። ነገም ሊሆን ይችላል፤ ለልጅ ልጆችዎም ላይደርስ ይችላል።

ቦታችንን አንርሳ። አዳማ የስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ናት። የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ የሚባለው መስመር በአካባቢዋ ያልፋል። ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በ1906 እ.ኤ.አ. በላንጋኖ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ከ6.5 እንደማያንስ ይገመታል። በ1961 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ካራቆሬ የተነሳው የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፋን እሳተ ገሞራዎች መካከል የነበረው ተከታታይ መንቀጥቀጥ የተነሳው ቅልጥ ዓለት ከመሬት ሥር ወደ ጎን እየሰነጠቀ በመግባቱ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። ያኔ ዶፋን ላይ እንፋሎትና ድንጋይ ሲወጣ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተባለ። የወጣው እንፋሎት፣ አቧራ፣ ጭቃና ድንጋይ ነው፤ ቅልጥ ዓለት ላዩ ላይ አልፈሰሰም።

በቴሌግራም ስለሚዞረው «ዛሬ ማታ 7 ይመጣል» አጭር መልስ ልስጥ። ቀንና ሰዓት ጠቅሶ መንቀጥቀጥ የሚተነብይ ሳይንስ የለም። ቀን ከጠራ ውሸት ነው፤ አያስተላልፉት።

አሁን ወደ ቤትዎ። ሳላየው ፍርድ አልሰጥም። በጥያቄዎ ውስጥ ግን ያሳሰበኝ ነገር አለ፤ ምድሩ ሱቅ ነው። ሱቅ ሲሆን ፊቱ በር ነው፤ ግድግዳ የለውም። ላይኛው ወለል ደግሞ በብሎኬት ታፍኗል፤ ግትር ነው። መሬት ሲናወጥ ላይኛው እንደ አንድ ሳጥን ይሄዳል፤ መታጠፉ ሁሉ በምድሩ ኮለኖች ላይ ይወድቃል። በብዙ አገሮች ፎቅ ቤቶች የፈረሱት በዚህ ነው። ላዩ እንዳለ ሆኖ ምድሩ ይደፋል። በዚህ ላይ አንድ ወለል ሲጨምሩ ክብደት ይጨምራሉ፣ ክብደቱንም ከፍ ያደርጉታል። ቤቱን የሚገፋው ኃይል ያድጋል፤ የሚሸከሙት ግን ለጂ ፕላስ 1 የታሰቡት ኮለኖችና መሠረት ናቸው። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አይናቁት። ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው፤ ያውም ከሁሉ በላይ የተቀመጠ።

ኮለን በመንቀጥቀጥ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች ጫፉ፣ ከቢም (ከአግዳሚው) ጋር በሚገናኝበት ነው። እዚያ ሕይወት የሚያድነው ስታፋው፣ ማለትም ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት ነው። ሰው ሁሉ ስለ ዋናው ፌሮ ቁጥር ይጠይቃል፤ ስታፋውን የሚጠይቅ የለም። ኮዱ ለመንቀጥቀጥ አካባቢ ከሚሰጣቸው ልኮች አንዱ፣ በኮለኑ ጫፎች አካባቢ የስታፋዎቹ ርቀት ከዋናው ፌሮ ውፍረት 8 እጥፍ እንዳይበልጥ ነው። ባለ 14 ፌሮ ከሆነ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሳይት ላይ በ20 ሳንቲ ሜትር እኩል እየበተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄዱ ፌራዮዎች (ፌሮ ሠራተኞች) ብዙ ናቸው። የስታፋው ጫፍም ወደ ኮንክሪቱ ውስጥ በደንብ መታጠፍ አለበት። በቀጥታ ማዕዘን ብቻ ከታጠፈ ሽፋኑ ሲረግፍ ይከፈታል፤ ከተከፈተ በኋላ ፌሮውን የሚይዘው ነገር የለም።

ይህንን በተሠራ ቤት ላይ ማየት ይቻላል፤ ግን ገደብ አለው። የፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ኮለኑ ላይ ተይዞ የፌሮውን ቦታና የስታፋውን ርቀት ያሳያል፤ የጫፉን መታጠፍ አያሳይም። በመዶሻ መሰል መሣሪያ ኮንክሪቱን መትቶ ጥንካሬውን መገመት ይቻላል፤ እሱ የሚለካው የላዩን ጥንካሬ ነው፣ ስለ ውስጡ ግምት ብቻ ይሰጣል። እርግጡን ለማወቅ ከኮንክሪቱ ናሙና ቆርጦ ላብራቶሪ መስበር ያስፈልጋል። መሠረቱን ለማየት አንድ ጥግ መቆፈር ግድ ነው። ድሮ የተሠራው ዲዛይን ካለዎት ብዙ ወጪ ይቀንሳል። ከሌለዎት መሐንዲሱ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ልስን ላይ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ፣ በተለይ ብሎኬትና ኮለን በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ኮለኑን ራሱን ሰያፍ አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ ግን ሌላ ነገር ሳይጠብቁ ባለሙያ ይጥሩ።

ምክሬ ቁርጥ ነው። ከኮንትራክተርዎ ጋር ስለ ሬክተር ማውራት ያቁሙ። እሱ ጥሩ ግንበኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚመልሰው ግን ፈቃድ ያለው ስትራክቸራል መሐንዲስ ነው፤ ያውም ቤቱን ከሠራው ሰው ጋር ጥቅም የሌለው። ለመሐንዲሱ የሚያቀርቡት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «ይህ ቤት በ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ኮድ መሠረት፣ በዚህ አፈር ላይ፣ ሦስተኛውን ወለል ጨምሮ ይበቃል ወይ? የምድሩ ኮለኖችስ?» መልሱን በጽሑፍና በፊርማ ይቀበሉ። «አይበቃም» ካለ የምድሩን ኮለኖች በኮንክሪት ጃኬት ማወፈር ወይም ከሱቁ ጎን የኮንክሪት ግድግዳ ማቆም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ወለል ስለመጨመር ይነጋገሩ። «ይበቃል» ካለም ለተጨማሪው ወለል ከማዘጋጃ ቤት አዲስ ፈቃድ ሳያወጡ ብሎኬት አያስወጡ።

እስከዚያው ያለ መሐንዲስ የሚሠራ ሥራ አለ። ሮቶውን ወደ ምድር ያውርዱት፤ ካልተቻለም ዝቅ አድርገው በብረት ይሰሩት። ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥን ከግድግዳ ጋር ይታሰሩ። የልጆቹን አልጋ ከመስኮትና ከከባድ ዕቃ ሥር ያርቁ። መሬቱ ሲናወጥ በደረጃ አይሩጡ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ፣ ሲያቆም ውጡ። ይህንን ለሱቁ ተከራይም ይንገሩት፤ እሱ የሚውለው ከሁሉም ደካማ ሊሆን በሚችለው ወለል ላይ ነው።